በቀላል ጄት አትላንቲክን መሻገር፦ በቀጥታ ወይስ በግሪንላንድ በኩል?

ጥያቄ፦ «በአሜሪካ የተመዘገበ ባለሁለት ሞተር ቀላል ጄት አለኝ። ለአንድ አብራሪ የተፈቀደ ስለሆነ የማበረው እኔው ራሴ ነኝ። አምራቹ 1,900 የባሕር ማይል ይሄዳል ይላል። በጁን ወር ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ አውሮፓ ለመሻገር አስቤአለሁ። ካናዳ ካለው ጋንደር አየርላንድ እስካለው ሻነን 1,700 ማይል ነው፤ ነዳጁ ይበቃል፣ ትርፍም አለው። ታዲያ ያማከርኳቸው ሁሉ በግሪንላንድና በአይስላንድ በኩል ዙር የሚሉኝ ለምንድን ነው? ረዳት አብራሪስ የግድ ነው?»

ምላሽ፦

ስለ ነዳጁ ያሉት ልክ ነው፤ ከጋንደር ተነሥቶ ሻነን ለመድረስ ይበቃል። የሚበቃው ግን ከተነሡበት እስከሚያርፉበት አንድም ነገር ሳይበላሽ ከሄዱ ነው። እኔ ብሆን ቤተሰብ ጭኜ በቀጥታ አልሻገርም። ካናዳ ካለው ጉዝ ቤይ ተነሥቼ፣ ግሪንላንድን መሐል ላይ አድርጌ፣ አይስላንድ ኬፍላቪክ አርፋለሁ፤ ረዳት አብራሪም እይዛለሁ። ውሳኔው የእርስዎ ስለሆነ ስሌቱን በራስዎ አውሮፕላን ቁጥሮች ደግመው እንዲሠሩት ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

አምራቹ የጻፈው 1,900 ማይል ሐሰት አይደለም፤ ግን የአንድ ከፍታ ቁጥር ነው። የጄት ሞተር ከፍ ባለ መጠን ለአንድ ማይል የሚያቃጥለው ነዳጅ ያንሳል። የቀላል ጄቶች ርቀት የሚለካው በተፈቀደላቸው ከፍታ ጣሪያ አካባቢ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ጥቂት ሰው ተጭኖ፣ በቁጠባ ፍጥነት ነው። ያው አውሮፕላን 10,000 ጫማ ላይ ሲበር በሰዓት የሚያቃጥለው ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ደግሞ በጣም ይቀንሳል። በየብስ ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም። የካቢኑ አየር ግፊት ቢጠፋ ያለ ጭምብል ወደሚተነፈስበት 10,000 ጫማ ገደማ በፍጥነት ይወርዳሉ፣ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ አንድ ማረፊያ ያገኛሉ። ውቅያኖስ መሐል ግን አንዴ ከወረዱ የቀረውን መንገድ በሙሉ የሚጨርሱት እዚያው ታች ሆነው ነው። ስለዚህ እቅድ ሳወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ከማረፊያ ሁሉ እጅግ በራቅሁበት ነጥብ ላይ ግፊቱ ቢጠፋ፣ በቀረኝ ነዳጅ 10,000 ጫማ ላይ ሆኜ መሬት እደርሳለሁ ወይ?

ያ ነጥብ የእኩል ጊዜ ነጥብ ይባላል። ወደ ፊት መሄዱም ወደ ኋላ መመለሱም እኩል ጊዜ የሚፈጅበት ቦታ ነው። ነፋስ ከሌለ የመንገዱ እኩሌታ ላይ ይውላል። በሰሜን አትላንቲክ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ፣ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ነጥቡ ወደ መነሻዎ ይጠጋል። ለማስላት ጠቅላላውን ርቀት ከምድር አንጻር ባለው የመመለሻ ፍጥነት ያባዙ፤ ከዚያ ለመሄጃውና ለመመለሻው ፍጥነት ድምር ያካፍሉ።

በእርስዎ 1,700 ማይል ላይ እንሞክረው። ላይ ሲበሩ የአየር ፍጥነትዎ 400 ኖት (በሰዓት 400 የባሕር ማይል)፣ የጀርባ ነፋሱ 60 ኖት ይሁን። መሄጃው 460፣ መመለሻው 340 ይሆናል። 1,700 በ340 ተባዝቶ ለ800 ሲካፈል ከጋንደር 722 ማይል ገደማ ይሰጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ይህ ነጥብ የሚያገለግለው ግን ከፍታዎን ሳይለቁ መመለስ ለሚችሉበት ችግር ነው፤ ለምሳሌ መንገደኛ በጠና ቢታመም። ግፊት ለጠፋበት አውሮፕላን ስሌቱ በታችኛው ፍጥነትና በታችኛው ነፋስ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። 10,000 ጫማ ላይ የአየር ፍጥነትዎ 280፣ ነፋሱ 20 ኖት ቢሆን ነጥቡ ከጋንደር 789 ማይል ላይ ይውላል። ወደ ሻነን 911 ማይል ይቀራል፤ በ300 ኖት ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነው። ወደ ጋንደር ቢመለሱም ያው ሦስት ሰዓት ነው።

አሁን ነዳጁን ይመልከቱ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የራስዎን ከአውሮፕላኑ የበረራ መመሪያ ያውጡ። ሲነሡ 4,700 ፓውንድ ነዳጅ አለዎት እንበል። የመጀመሪያው ሰዓት፣ መውጣቱ ስላለበት፣ 1,200 ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ላይ ሆነው በሰዓት 750፣ ታች ሲበሩ በሰዓት 1,000። በደህናው ቀን መንገዱን በሦስት ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይጨርሱና ሻነን ላይ 1,480 ፓውንድ ገደማ ይተርፍዎታል። ይህን ያየ ባለቤት ትርፍ አለኝ ቢል አይፈረድበትም። ግፊቱ በእኩል ጊዜ ነጥቡ ላይ ከጠፋ ግን እስከዚያ 1,740 ገደማ አቃጥለዋል፤ ታንክዎ ውስጥ 2,960 አለ፤ የሚያስፈልግዎት 3,040 ነው። ወደ ሻነን ቢቀጥሉም ወደ ጋንደር ቢመለሱም ነዳጁ ማረፊያው ሳይደረስ ያልቃል። ለመጠባበቂያ፣ ለአቀራረብና ለበረዶ መከላከያ ገና ምንም አልያዝንም። በዚያ ኬክሮስ 10,000 ጫማ ላይ ደመና ውስጥ ሦስት ሰዓት መብረር ደግሞ በጁንም ቢሆን ክንፍ ላይ በረዶ ሊያስይዝ ይችላል፤ የበረዶ መከላከያው ሲበራ ፍጆታው ይጨምራል።

«ወደ ጎን ብዞርስ?» ቢሉ፣ መንገዱ እኩሌታ ላይ ሆነው ኬፍላቪክ 720፣ በደቡብ ግሪንላንድ ያለው ናርሳርሱዋክ 630 ማይል ገደማ ይርቃሉ። ከ911 ይሻላል፤ ቁጥሩንም ሊያሟላ ይችላል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ክፍት መሆናቸውንና አየሩ የሚያስገባ መሆኑን ሳያረጋግጡ በስሌት ውስጥ ማስገባት አይገባም። ማረጋገጥዎ ካልቀረ ደግሞ መንገዱን ራሱን ወደ እነሱ ማስጠጋት ይሻላል።

ውቅያኖስ ሲነሣ አብዛኛው የግል ጄት ባለቤት ሐሳቡ የሚሄደው ወደ ሞተር ነው። በባለሁለት ሞተር ጄት የአንዱ መጥፋት ቀላል ነገር ባይሆንም ከነዳጅ አንጻር ሁለተኛ ደረጃ ነው። የቀረው ሞተር ካቢኑን በአየር ግፊት ይሞላል፤ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ወደ ሃያዎቹ ሺህ ጫማዎች ይወርዳል፤ እዚያ ላይ የሚያቃጥለው ከ10,000 ጫማው ፍጆታ ያነሰ ነው። መስታወት ሲሰነጠቅ፣ የበር ማሸጊያ ሲለቅ፣ የአየር ቱቦ ሲፈነዳ ግን ሁለቱም ሞተሮች ጤነኛ ሆነው ታች ይገባሉ። ይህ ብርቅ ነው፤ እስማማለሁ። እኔ የማልቀበለው፣ ብርቅ ነውና ነዳጅ አይያዝለት የሚለውን ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆች ስለዚህ ስሌት የሚያውቁት የለም፤ የተሳፈሩት አባታቸው አስቦበታል ብለው ነው።

ከ10,000 ጫማ ከፍ ብሎ በመቆየት ነዳጅ መቆጠብ ይቻላል፤ 15,000 ወይም 20,000 ጫማ ላይ መቆየት ርቀቱን በግልጽ ያሰፋዋል። የሚከፈለው ዋጋ ኦክስጅን ነው። በቀላል ጄት ውስጥ ያለው ጠርሙስ በአብዛኛው የተመጠነው በፍጥነት ወርዶ መተንፈስ ወደሚቻልበት ከፍታ ለመድረስ ነው። ለአራት ሰው ለሦስት ሰዓት የሚበቃ መሆኑን በግምት ሊያውቁ አይችሉም። መመሪያው ውስጥ በሰው ቁጥርና በከፍታ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ፤ ጠርሙሱ በዚያ ቀን በሚያሳየው ግፊት ያንብቡት። የልጆቹን ጭምብል መሬት ላይ እያሉ ፊታቸው ላይ ይሞክሩ። ለአዋቂ የተሠራ ጭምብል በትንሽ ፊት ላይ ዳሩ ካልገጠመ የሠንጠረዡ ቁጥር ለዚያ ልጅ አይሠራም።

የረዳት አብራሪው ጥያቄ እዚህ ጋ ይገባል። በአሜሪካ የበረራ ደንብ ክፍል 91 መሠረት፣ ከ35,000 ጫማ በላይ መሪው ላይ ያለ አንድ አብራሪ ጭምብሉን አድርጎ ኦክስጅን መሳብ አለበት። እስከ 41,000 ጫማ ድረስ ከዚህ የሚያድነው መሪው ላይ ሁለት አብራሪዎች መኖራቸውና ሁለቱም በቅጽበት የሚጠለቅ ጭምብል ያላቸው መሆኑ ነው። እርስዎ ብቻዎን ከሆኑ ከ35,000 በላይ ሙሉውን ጊዜ ጭምብል ለብሰው ይበራሉ ማለት ነው። ብቻቸውን የሚበሩ ብዙዎች ይህን አያደርጉም፤ ደንቡ ግን የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። 40,000 ጫማ ላይ ግፊት በድንገት ሲጠፋ አንድ ጤነኛ ሰው አእምሮውን ይዞ መሥራት የሚችለው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ነው። ከጎን የሚያግዝ ሰው ከሌለ እነዚያን ሰከንዶች ማባከን የመጨረሻው ስሕተት ይሆናል። ጭምብሉን አክብረው ካደረጉ ደግሞ ያው ጠርሙስ ከመነሻው ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በእኩል ጊዜ ነጥቡ ላይ ሲደርሱ ለቤተሰቡ የሚቀረው የተነሡበት መጠን አይደለም። ስለዚህ ረዳት አብራሪ በሕጉ የግድ ባይሆንም፣ በእኔ ሚዛን ለዚህ ጉዞ የግድ ነው። ውቅያኖስ አቋርጦ የሚያውቅ ሰው ይምረጡ፤ መንገዱን ካላወቀ ሰው ሁለተኛ ጥንድ ዓይን ያገኛሉ እንጂ ልምድ አያገኙም። የኢንሹራንስ ውልዎንም በዚህ አጋጣሚ ያንብቡት፤ የአንድ አብራሪ በረራ ላይና የጉዞ ክልል ላይ ገደብ ሊኖረው ይችላል።

ሌላው ከብሮሹሩ ቁጥር ጋር የማይገጥመው ነገር የተፈቀደው ከፍታ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ባለው ክልል ለመብረር ከተቆጣጣሪዎች ጋር በጽሑፍ የሚያገናኝ ዳታሊንክና ቦታን በራሱ የሚያሳውቅ መሣሪያ ያስፈልጋል። የቆዩ ቀላል ጄቶች አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። የእርስዎ ከሌለው ሁለት ምርጫ ይቀርዎታል። አንደኛው ከ29,000 በታች መብረር ሲሆን ርቀትዎን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ሁለተኛው 43,000 ጫማ ላይ መውጣት ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚያ ከተፈቀደ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ትራፊክም የለበትም። ችግሩ ታንኩ ሙሉ፣ ሰውና ሻንጣ ተጭኖ፣ አየሩ ከመደበኛው ሲሞቅ፣ ቀላል ጄት በአንድ ትንፋሽ 43,000 ላይ አለመድረሱ ነው። ነዳጅ እስኪቀልለት 39,000 ላይ መቆየት ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ የተከለከለው ክልል ነው። ያለማቋረጥ አልፎ ለመውጣት መጠየቅ ይቻላል፤ መሐል ላይ መቆም ግን አይፈቀድም። በጋንደር–ሻነን መንገድ ላይ ይህ ብቻውን እቅዱን ሊያፈርሰው ይችላል። ከደቡብ ግሪንላንድ ወደ አይስላንድ በሚወስደው ኮሪደር፣ በራዳርና በኤዲኤስ–ቢ (አውሮፕላኑ ቦታውን ያለማቋረጥ በራዲዮ በሚያሰራጭበት ሥርዓት) በሚታየው ክፍል ግን ከዳታሊንክ ግዴታ ነጻ የሆነ ቦታ አለ። ወሰኑ ስለሚሻሻል ከመነሣትዎ በፊት የሰሜን አትላንቲክ የበረራ መመሪያ የሆነውን ናት ዶክ 007 የቅርብ እትም ያንብቡ። ነጻ ነው፤ ረጅም ነው፤ ግን ከእሱ በላይ የሚጠቅምዎት ጽሑፍ የለም።

አሁን መንገዱን እንያዝ። ከጉዝ ቤይ ኬፍላቪክ 1,330 ማይል ገደማ ነው። ናርሳርሱዋክ ከጉዝ ቤይ 675፣ ከኬፍላቪክ 650 ማይል አካባቢ ላይ ስለሆነ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። የቅድሙን የታች ፍጥነት ብንወስድ፣ በጉዝ ቤይና በናርሳርሱዋክ መሐል ያለው የእኩል ጊዜ ነጥብ ከሁለቱም አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይርቃል። ሦስት ሺህ ፓውንድ ይጠይቅ የነበረው ችግር 1,200 ይጠይቃል። ለዚህ ሲባል መንገድዎ የሚረዝመው በጥቂቱ ነው፤ ኬፍላቪክ ላይ ቆመው ነዳጅ ሞልተው፣ ልጆቹም እግራቸውን አፍታተው፣ ስኮትላንድ ወዳለው ፕሬስትዊክ የሚቀረው 740 ማይል ገደማ ነው። ግሪንላንድ ላይ የግድ ማረፍ የለብዎትም። ማረፊያው ክፍት ሆኖ እዚያ መኖሩ ይበቃል።

ክፍት ሆኖ የሚለውን ግን አጥብቀው ይያዙት። ናርሳርሱዋክ ረጅም ፊዮርድ ጫፍ ላይ፣ በተራራና በበረዶ ግግር መሐል ያለ፣ 1,830 ሜትር መንደርደሪያ ያለው ማረፊያ ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት ነው። ደመና ዝቅ ሲል በፊዮርዱ ውስጥ እየተጠማዘዙ ልግባ ማለት ቦታውን ለማያውቅ ሰው አይመከርም፤ ከበረዶው ክዳን ላይ የሚወርደው ነፋስ ሲነሣም ከባድ መናወጥ ያመጣል። ሰሜኑ ላይ ያለው ካንገርሉሱዋክ 2,810 ሜትር መንደርደሪያ አለው፤ ከባሕሩ ዳርቻ ርቆ ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ አየሩም ይበልጥ የተረጋጋ ነው። ኑክ ደግሞ በኖቬምበር 2024 አዲሱን 2,200 ሜትር መንደርደሪያ ከፍቷል። ምሥራቁ ላይ ካርታው የሚያሳየው ኩሉሱክ ጠጠር ስለሆነ ለአብዛኛው ቀላል ጄት አይቁጠሩት። የሦስቱንም ትንበያ አይቼ ቢያንስ አንዱ በእኩል ጊዜ ነጥቡ በምደርስበት ሰዓት በደህና የሚያስገባ ካልሆነ አልነሣም፤ ጉዝ ቤይ አድራለሁ። የግሪንላንድ ማረፊያዎች የሥራ ሰዓት አላቸው። ከሰዓት ውጪ እንደ አማራጭ እንዲጠብቁዎት ከፈለጉ አስቀድሞ መጠየቅና መክፈል ያስፈልጋል።

ስለ ግሪንላንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ቁመቱን ነው። የበረዶው ክዳን መሐሉ ላይ ከ3,200 ሜትር፣ ማለትም ከ10,500 ጫማ ይበልጣል፤ በምሥራቁ ዳርቻ ያለው ጉንብየርን 3,694 ሜትር ነው። በሰሜኑ መንገድ፣ በካንገርሉሱዋክና በኬፍላቪክ መሐል ሆነው ግፊት ቢያጡና በልማድ ወደ 10,000 ጫማ ቢወርዱ፣ ወደ በረዶው ውስጥ እየወረዱ ነው። ለእያንዳንዱ የመንገድ ክፍል ዝቅተኛውን ደህና ከፍታ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የኦክስጅኑን ስሌትም በዚያ ከፍታ ይሥሩት።

ኬፍላቪክ ሲቃረቡ አማራጭዎ ሬይክያቪክ ብቻ እንዳይሆን። ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ አንዱን የዘጋው አየር ሌላውንም ይዘጋዋል። ሰሜን ላይ አኩሬይሪ፣ ምሥራቅ ላይ ኤይልስታዲር አሉ፤ ወደ አንዳቸው የሚያደርስ ነዳጅ ይያዙ።

በረራው ላይ ሁለት ነገሮችን ያለማቋረጥ እንዲሠሩ እፈልጋለሁ። አንደኛው የነዳጅ መዝገብ ነው። በየመንገድ ነጥቡ የተቃጠለውንና የቀረውን ደምረው ከተነሡበት ጋር ያስተያዩ። ድምሩ እየጎደለ ከሄደ ነዳጅ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው። በ2001 ዓ.ም. በኦገስት ወር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ 306 ሰዎችን ይዞ ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን ይበር የነበረው የኤር ትራንሳት ኤርባስ ኤ330 ቀኝ ሞተሩ ላይ ነዳጅ ይፈስ ነበር። አብራሪዎቹ የሁለቱን ክንፍ ነዳጅ ለማመጣጠን ማገናኛውን ሲከፍቱ ከደህናው ታንክ የመጣው ነዳጅም በዚያው ፈሰሰ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው አውሮፕላኑ እየተንሳፈፈ አዞረስ ላይ ላዤስ አረፈ፤ ሁሉም ሰው ተረፈ። ላዤስ እዚያ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም። ስለዚህ የሁለቱ ታንኮች መጠን ሲለያይ ማገናኛውን ከመንካትዎ በፊት ድምሩን ይሥሩ።

ሁለተኛው የቦታ ቁጥሮችን መፈተሽ ነው። በውቅያኖስ ላይ የመንገድ ነጥቦቹ ስም የላቸውም፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ ናቸው። ኮምፒውተሩ 52 ዲግሪ ሰሜን፣ 50 ዲግሪ ምዕራብን «5250ኤን» ብሎ ሲጽፍ፣ 52 ዲግሪ ከ30 ደቂቃን ደግሞ «ኤች5250» ይለዋል። የአንድ ፊደል ልዩነት 30 ማይል ከመንገድ ያወጣል። አጭሩን ስም አይመኑ፤ ሙሉውን ዲግሪና ደቂቃ ስክሪኑ ላይ አውጥተው አንዱ ሲያነብ ሌላው ከእቅዱ ጋር ያመሳክር። ነጥቡን ካለፉ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቦታዎን ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ስሕተት ካለ በዚያን ጊዜ ይታያል።

መመለስ ወይም መውረድ ቢያስፈልግና ፈቃድ ለማግኘት ጊዜ ባይኖር፣ ቢያንስ 30 ዲግሪ ዞረው ከመንገድዎ 5 የባሕር ማይል ይራቁና ትይዩ ይያዙ፤ ከ29,000 ጫማ በታች ይውረዱ። በራዲዮ በ121.5ና በ123.45 ሜጋኸርትዝ ላይ ማን እንደሆኑና ምን እያደረጉ እንደሆነ ይናገሩ። ግፊት ጠፍቶ መውረዱ ፋታ ካልሰጠ እየዞሩ ይወርዳሉ። ይህን ከረዳትዎ ጋር መሬት ላይ ሆነው በቃል ይለማመዱት። ስለ ራዲዮ ደግሞ፣ ሩቅ የሚደርሰው ኤች.ኤፍ. ራዲዮ ከሌለዎት የአትላንቲክን ምሥራቃዊ ክፍል በሚቆጣጠረው በሻንዊክ ክልል ውስጥ አያቅዱ። የቅርብ ርቀቱ ቪ.ኤች.ኤፍ. ራዲዮ ብቻ ያለው አውሮፕላን ከአይስላንድ ወደ ስኮትላንድ የሚሄደው በ61 ዲግሪ ሰሜን፣ 10 ዲግሪ ምዕራብ በኩል ነው፤ ትንሽ ይረዝማል። የሳተላይት ስልክ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ የተቆጣጣሪዎቹን ቁጥር አስቀድመው ይመዝግቡበት።

ውኃ ላይ ማረፍን ማንም ማሰብ አይወድም፤ እኔም አልወድም፤ ግን በደንብ ይታሰብበት። የአሜሪካ ደንብ ለባለሁለት ሞተር ጄት ከዳርቻ ከ30 ደቂቃ ወይም ከ100 ማይል በላይ ሲራቅ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት፣ ሁሉንም የሚይዝ የሚነፋ ጀልባ፣ የምልክት ርችት፣ ተንቀሳቃሽ የአደጋ ራዲዮና የመቆያ ስንቅ እንዲኖር ያዛል። ደንቡ የማያዘው፣ ሕይወት ላይ ግን ብዙ የሚወስነው ከቀዝቃዛ ውኃ የሚከላከለው ሙሉ ልብስ ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ ገደማ፣ እጁና እግሩ ሳይደነዝዝ ጠቃሚ ሥራ ለመሥራት 10 ደቂቃ ገደማ፣ ከቅዝቃዜ የተነሣ ራሱን ከመሳቱ በፊት አንድ ሰዓት ገደማ አለው ይባላል። የአንድ ትንሽ ልጅ ሰውነት ሙቀት የሚያጣው ከአዋቂው በበለጠ ፍጥነት ነው። በሻንጣ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልብስ በዚያ ሰዓት ሊደረስበት አይችልም፤ ስለዚህ እስከ ወገብ ለብሰው ይቀመጡ፤ ልጆቹም እንዲሁ። በልካቸው የተሠራ ይከራዩ። ጀልባው በመውጫው በር አጠገብ፣ ምንም ሳይጫንበት ይቀመጥ። ዋናው በር ውኃው ላይ ሲያርፉ ከውኃ በታች ሊሆን ስለሚችል በየትኛው መውጫ እንደሚወጡ መመሪያው የሚለውን ያንብቡና ባለቤትዎ መውጫውን በእጃቸው ከፍተው ይሞክሩት። በ406 ሜጋኸርትዝ የሚያስተላልፍ የግል አመልካች በስምዎ አስመዝግበው ኪስዎ ውስጥ ይያዙ፤ አውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው አብሮ ሊሰጥም ይችላል።

የመመለሻው ጉዞ ሌላ ጉዞ ነው። ያው 60 ኖት ነፋስ ከፊት ሲመጣ 460 የነበረው ፍጥነት 340 ይሆናል፤ ከሻነን ጋንደር አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በማሳያው ቁጥር ደግሞ የሚተርፈው 500 ፓውንድ ብቻ ነው። ከኬፍላቪክ በግሪንላንድ በኩል ሲመለሱ ግን ክፍሎቹ አጫጭር ስለሆኑ ይቻላል። በክረምቱ ወራት ግሪንላንድ በጨለማና በማዕበል ሲዘጋ አንዳንዶች በደቡብ በአዞረስ በኩል ያልፋሉ፤ ካናዳ ካለው ሴንት ጆንስ ላዤስ ከ1,200 ማይል በላይ ሲሆን አዞረስ እስኪደርሱ አንድም ደሴት የለም። ውኃው ሞቅ ያለ ነው፣ አየሩም ገር ነው፤ የእኩል ጊዜ ነጥቡ ግን ከሰሜኑ መንገድ በጣም ይከፋል። ለእርስዎ ጄት በጀርባ ነፋስ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ምዕራብ ግን አልመክርም።

ለጁን ካሰቡ ወረቀቱን ዛሬ ይጀምሩ። በአሜሪካ ለተመዘገበ አውሮፕላን በሰሜን አትላንቲክ ከፍተኛ ክልል ለመብረር ቢ039፣ ዳታሊንክ ካለዎት ደግሞ ኤ056 የሚባለውን የፈቃድ ደብዳቤ ከፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ያስፈልግዎታል። ከማመልከቻው ጋር የመሣሪያዎቹን ማረጋገጫና የአብራሪዎቹን ሥልጠና ይጠይቃሉ፤ መልሱ ወራት ሊወስድ ይችላል። ረዳቱን አብራሪ አሁን ካገኙ ሥልጠናውን አብራችሁ ወስዳችሁ ስሙ በዚያው ማመልከቻ ውስጥ ይገባል።